የመጀመሪያ ልጅ በወረርሽኝ ወቅት፡ ሐኪም ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት ሐኪም ስትመርጥ ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው ከእርሷ ቀድመው የወለዱትን ነው። እህት፣ ጎረቤት እና የሥራ ባልደረባ የየራሳቸውን ሐኪም ስም ይጠቁማሉ። "ታጋሽ ናት"፣ "በደንብ ያስረዳል"፣ "ለቀዶ ሕክምና አይቸኩልም" የሚሉ ምስክርነቶች ይሰበሰባሉ። በደህናው ጊዜ ይህ መንገድ ብዙም አያሳስትም።

ወረርሽኝ ሲከሰት ግን ስሙ የተመሰገነው ሐኪም ራሱ ሊታመም ወይም ወደ ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። የሚሠራበት ሆስፒታል ለወረርሽኙ ሕሙማን ብቻ ሊመደብ፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድም በሰዓት እላፊ ሊዘጋ ይችላል። የኮቪድ-19 ዓመታት ለምሥራቅ አፍሪካ ነፍሰ ጡሮች ያስተማሩት ይህንኑ ነው፦ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምርጫው የሚጀምረው ከሐኪሙ ዝና ሳይሆን፣ ምጥ በመጣበት ሌሊት ክፍት ሆኖ ከሚጠብቀው በር ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ምክንያት ያወጀውን ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ያነሳው በግንቦት 2023 (እአአ) ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኤምፖክስ ሌላ አስቸኳይ ጊዜ አሳወጀ። በዚያው በ2024 መስከረም ወር ማብቂያ በሩዋንዳ የተቀሰቀሰው የማርበርግ ቫይረስ ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የጤና ባለሙያዎችን አጥቅቷል።

ከበሽታው ባልተናነሰ የሚጎዳው ፍርሃት

በወረርሽኝ ወቅት ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሚፈትኗቸው ውሳኔዎች ቀዳሚው "ወደ ጤና ተቋም ልሂድ ወይስ ቤቴ ልቆይ?" የሚለው ነው። በሽታው ያለው ሆስፒታል ውስጥ ነው ብሎ ማሰብ ከምክንያት የራቀ አይደለም። ነገር ግን መቅረትም የራሱ ዋጋ አለው።

በምዕራብ አፍሪካ በተከሰተው የኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት በሴራሊዮን በርካታ ሴቶች ከጤና ተቋማት ርቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ይፋ የሆነ ጥናት እንደገመተው፣ በ2014 እና በ2015 (እአአ) በአገልግሎቱ መቀነስ ምክንያት ተጨማሪ 3 ሺህ 600 ገደማ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት እንዲሁም ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ተመዝግበው ሊሆን ይችላል። ይህ ቁጥር በኢቦላ ተይዘው የሞቱትን አይጨምርም።

በወሊድ ጊዜ እናቶችን ለሞት ከሚዳርጉ ዋነኛ ምክንያቶች መካከል ከባድ የደም መፍሰስ፣ በእርግዝና የሚከሰት የደም ግፊት እና ኢንፌክሽን ይገኙበታል። እነዚህ አደጋዎች ወረርሽኝ መጣ ብለው አይታገሱም።

የመጀመሪያ እርግዝና ለምን ይለያል?

ከዚህ በፊት የወለደች ሴት ሰውነቷ ለእርግዝናና ለምጥ የሚሰጠውን ምላሽ በመጠኑ ታውቃለች፤ ሐኪሟም ካለፈው ወሊድ መነሻ መረጃ ያገኛል። የመጀመሪያ ልጇን ለምትጠብቅ ሴት ግን ይህ መነሻ የለም።

ከዚህም በላይ ከእርግዝና ጋር ተያይዞ የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይበልጥ ይታያል። ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ምንም ስሜት ላይኖረው ስለሚችል የሚታወቀው በደም ግፊት ልኬትና በሽንት ምርመራ ነው። የመጀመሪያ ምጥም በአብዛኛው ከቀጣዮቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በቀጠሮ ላይ መቅረት ወይም ምጥ ከጀመረ በኋላ ከተቋም ወደ ተቋም መንከራተት ለእርሷ የበለጠ አሳሳቢ ነው።

ክትትል የሚያደርገውና የሚያዋልደው አንድ ሰው ነው?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ አቅም ያላቸው ሴቶች ክትትላቸውን በግል ክሊኒክ፣ በአንድ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ያደርጋሉ። በርካታ ሐኪሞች ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ደግሞ በግል ተቋም ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ምጥ የሚመጣበትን ሰዓት ማንም አይመርጥም። በዚያች ሌሊት የሚገኘው ተረኛው ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናትን በብዛት የሚያዋልዱት አዋላጅ ነርሶች ናቸው። ከትላልቅ ከተሞች ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሲያስፈልግ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥራውን ይሸፍናሉ። ጤናማ እርግዝና ያላት ሴት በሠለጠነ አዋላጅ እጅ መውለዷ ጉድለት አይደለም። ዋናው ነገር ችግር ሲፈጠር በፍጥነት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያደርስ መንገድ መኖሩ ነው።

በ2019 (እአአ) በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከወለዱ ሴቶች 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናትም ከግማሽ በታች፣ ማለትም 48 በመቶ ነበሩ። ክትትል መጀመር በራሱ በሠለጠነ እጅ ለመውለድ ዋስትና እንዳልሆነ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ይህ ክፍተት ወረርሽኝ ከመግባቱ በፊትም የነበረ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን ይጠየቅ?

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከሐኪሙ የሥራ ልምድ ባልተናነሰ ስለ ተቋሙ ዝግጅት መጠየቅ ይገባል።

- ሐኪሙ ቢታመም ወይም ለይቶ ማቆያ ቢገባ ክትትሉን ማን ይረከባል?
- ተቋሙ በሌሊትና በበዓላት ቀን ያዋልዳል? በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ይችላል? ካልቻለ ወደየት ይልካል?
- ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ጊዜ ደም ለጋሽም ይቀንሳል።
- ያለ ጊዜው ለሚወለድ ሕፃን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አለ?
- የወረርሽኙ ምልክት ያለባቸው ሰዎች የሚስተናገዱት ከነፍሰ ጡሮች ተለይተው ነው?
- ተቋሙ ለወረርሽኙ ሕሙማን ብቻ ቢመደብ ተከታታዮቹን ወዴት ያዛውራል?

የመጨረሻው ጥያቄ እንዲያው የተሰነዘረ ግምት አይደለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4/2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ ሕክምና ማዕከል እንዲሆን ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን በዚያ አገልግሎት ያገኙ የነበሩ ሰዎች ሌላ ቦታ መፈለጋቸው አይቀርም።

መንገዱም የምርጫው አካል ነው

በኡጋንዳ በመጋቢት 2020 (እአአ) ማብቂያ የሕዝብም ሆነ የግል ተሽከርካሪዎች እንቅስቃሴ ሲታገድ፣ ወደ ሕክምና ለመሄድ የአካባቢውን የመንግሥት ተወካይ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ምጥ የያዛቸው ሴቶች ፈቃድና መጓጓዣ አጥተው በእግራቸው ለመሄድ መገደዳቸው፣ በመንገድ ላይ ሕይወታቸው ያለፈ እንዳሉም ተዘገበ። ከሳምንታት በኋላ ነፍሰ ጡሮች ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ እንዲችሉ ተደረገ።

በኬንያ ደግሞ ከመጋቢት 27/2020 (እአአ) ጀምሮ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሰዓት እላፊ ተጣለ። በናይሮቢ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ባለሙያዋ ዶ/ር ጄሚማ ካሪዩኪ፣ እናቶች ሌሊት ወደ ሆስፒታል መምጣት እንደተቸገሩ በማየት "ዊልስ ፎር ላይፍ" የተባለውን አገልግሎት አስጀመሩ። ነፍሰ ጡሯ ወይም ቤተሰቧ በ1195 በነፃ ሲደውሉ የሕክምና ባለሙያ ሁኔታዋን ይጠይቅ ነበር። አስቸኳይ ከሆነ አምቡላንስ፣ ካልሆነ ታክሲ ይላክላት ነበር።

በኢትዮጵያ መላ አገሪቱን የሚዘጋ የእንቅስቃሴ እገዳ ባይጣልም፣ መጋቢት 30/2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የሕዝብ ማመላለሻዎች ከአቅማቸው በግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ተደንግጎ ነበር። በሰላሙ ጊዜ በቀላሉ የሚገኘው ታክሲ በዚያን ጊዜ ረጅም ሰልፍ ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ሩቅ ካለው ዝነኛ ሐኪም ይልቅ በቅርብ ያለውና የሪፈር መንገዱ የታወቀው ተቋም የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የምጥ ቀን ሳይደርስ መኪና ያለውን ጎረቤት ማነጋገርና የአምቡላንስ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በገጠር ለሚኖሩ ደግሞ በበርካታ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ያሉት የእናቶች ማቆያዎች የመውለጃ ጊዜ ሲቃረብ ገብቶ ለመጠበቅ ያስችላሉ።

ቀጠሮው ይቀነስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እአአ) ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቀጣዮቹ በ20ኛው፣ በ26ኛው፣ በ30ኛው፣ በ34ኛው፣ በ36ኛው፣ በ38ኛው እና በ40ኛው ሳምንት ናቸው። አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራም ከ24ኛው ሳምንት በፊት መደረግ ይኖርበታል።

በወረርሽኝ ወቅት ከእነዚህ የተወሰኑት በስልክ ሊተኩ ይችላሉ። የማቅለሽለሽ ስሜትን፣ አመጋገብን ወይም የምርመራ ውጤትን በስልክ መነጋገር ይቻላል። ይሁን እንጂ የደም፣ የሽንትና የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲሁም የጽንሱን ዕድገት መለካት በአካል መገኘትን ይጠይቃሉ። የደም ዓይነትም በጊዜ መታወቅ አለበት። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ቀጣዩን እርግዝና ከችግር የሚጠብቅ መርፌ ሊያስፈልጋት ስለሚችል፣ የመድኃኒት አቅርቦት በሚስተጓጎልበት ጊዜ አስቀድሞ ማፈላለግ ይጠይቃል።

የክትትል ካርዱ ከእናትየዋ እጅ መለየት የለበትም። በብዙ አካባቢዎች የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ የቆየ ልማድ ነው። መንገድ በድንገት ተዘግቶ በታሰበው ቦታ መውለድ ሳይቻል ሲቀር፣ አዲሱ ባለሙያ የእርግዝናውን ታሪክ የሚያገኘው ከካርዱ ወይም በስልክ ከተነሳ ፎቶው ነው።

ነፍሰ ጡሯ በበሽታው ብትያዝስ?

ኮቪድ የያዛቸው ነፍሰ ጡሮች እርጉዝ ካልሆኑ እኩዮቻቸው ይልቅ ጽኑ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው፣ ልጃቸውም ያለ ጊዜው ሊወለድ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ነፍሰ ጡሮችን ለኮቪድ ክትባት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል መድቧቸዋል።

ይህ ማለት ግን በበሽታው መያዝ ብቻውን በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። በኮቪድ የተያዘች እናት ጭምብል አድርጋና እጇን ታጥባ ልጇን ልታጠባና ልታቅፍ እንደምትችል ድርጅቱ ይመክራል። እንደ ኢቦላና ማርበርግ ባሉ በሽታዎች ጊዜ መመሪያው ከዚህ የተለየ ስለሚሆን፣ የኮቪድን ልምድ እንዳለ ወደ ሌላ ወረርሽኝ መውሰድ አይገባም። ሐኪሙ ወቅታዊውን መመሪያ ማወቁና ለማስረዳት ፈቃደኛ መሆኑም አንዱ የመምረጫ መለኪያ ነው።

አጃቢን በተመለከተም አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በኮቪድ ጊዜም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ሴቲቱ የመረጠችው አንድ ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት ሊሆን ይገባል የሚል ነበር። በተግባር ግን ብዙ ተቋማት አጃቢ ከልክለዋል። "ማርያም ማርያም" የሚላት ዘመድ አጠገቧ እንደማይኖር በምጥ ሰዓት በር ላይ መስማትና ከወራት በፊት አውቆ መዘጋጀት አንድ አይደሉም።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው ምልክቶች

ከማህፀን ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውሃ ያለ ጊዜው መፍሰስ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲያጋጥም፣ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የተመረጠው ሐኪም ስልክ ባያነሳ እንኳ እርሱን መጠበቅ አይገባም። በዚያች ሰዓት ትክክለኛው ተቋም በቅርብ የሚገኘውና ክፍት የሆነው ነው።