«ልጄ፣ አርፈሽ ተመረቂ» ያልኩበት ሌሊት

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ማታ ልጄ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። ገና ድምፅዋን ስሰማ ደህና እንዳልሆነች አወቅሁ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቷን ጨርሳለች። ያነጋገረቻቸው እናቶች የሕፃናት ተቅማጥ በምን እንደሚመጣ አሳምረው ያውቃሉ፤ እጃቸውን በየጊዜው የማይታጠቡት ውኃው ሩቅ ስለሆነ ነው። አማካሪ መምህሯ ግን ከዓመታት በፊት ባሳተሙት ጥናት፣ ችግሩ የእናቶች ዕውቀት ማነስ ነው ብለዋል።

«ይህን ምዕራፍ አውጪው፤ አለዚያ አልፈርምልሽም አሉኝ፣ እማዬ» አለችኝ።

እኔም ብዙ ወላጅ የሚለውን አልኩ፤ «ልጄ፣ አርፈሽ ተመረቂ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

ስልኩን ዘግቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። የከነከነኝ ተረቱ ነው።

ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ልጅ ነበርኩ። በራችን ቆመው ቁራሽ የሚለምኑ ሰዎች፣ እናቴም ከእኛ ድርሻ ቀንሳ ስትሰጣቸው ዛሬም ይታየኛል። መንግሥት ግን ረሀቡ እንዲታወቅ አልፈለገም። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያዩትን ፎቶ አነሱ፤ ተመልሰውም እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሰው አሳዩ። ልብ በሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ረሀቡን ለዓለም እስኪያሳይ ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ኋላም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ገበሬውን ለረሀብ ያጋለጠው የዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የተጫነበት ሥርዓት ጭምር መሆኑን ጽፈዋል።

እነዚያ ሰዎች የበላይ ያለውን ተቀብለው ዝም ቢሉስ ኖሮ? ይህን ሳስብ የራሴ ነገር መጣብኝ።

በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሳለሁ፣ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሕፃናት በኩፍኝ እንደሞቱ መዘገብኩ። አለቃዬ ደግሞ ባለፈው ሪፖርታቸው፣ የአካባቢው ሕፃናት ከሞላ ጎደል ሁሉም ተከትበዋል ብለው ነበር። «ይኼ ቁጥር ከእኔ ሪፖርት ጋር ይጋጫል፤ ትኩሳት ብለሽ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ፤ እንጀራዬን ፈራሁ። ከታች የሄደው ወረቀት ትኩሳት ስለሚል የክትባት ቡድን የመጣው ከወራት በኋላ ነው። በመካከሉ የተቀበሩትን ሕፃናት እናቶች አውቃቸዋለሁ። ገበያ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ነኝ ዓይን ዓይናቸውን ማየት የሚያቅተኝ።

ጎህ ሲቀድ ደወልኩላት። «ትናንት ያልኩሽን ተይው» አልኳት። ግን ተነሥተሽ ተጣዪ አላልኳትም። መጀመሪያ ቁጥርሽን ደግመሽ ቁጠሪ፤ ስሕተቱ ያንቺም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ወረቀትሽን ይዘሽ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው፤ አስተማሪሽ ናቸው፣ አክብሪያቸው። የእሳቸውንም ጥናት ሳታጣምሚ ጻፊው። እምቢ ካሉ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቺ፤ መረጃሽንም በሌላ ቦታ አስቀምጪ።

«ሲያልቅም አሳትሚው» አልኳት። ነርስነት ስንማር የነገሩን የቪየናው ሐኪም ሴሜልዌይስ ትዝ ብሎኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ ቢታጠቡ ወላዶች ከሞት እንደሚድኑ አሳየ፤ አለቃው ግን አልተቀበሉትም። መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ ነበር። በመካከሉ ስንት እናት ሞተች?

ልጄ ደግማ ስትቆጥር አንድ ሠንጠረዥ ተሳስታ አገኘች፤ አረመችው፤ ዋናው ውጤት ግን አልተለወጠም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣም ገባት። መምህሩ ያጠኑበት ቀበሌ የቦኖ ውኃ ነበረው፤ እሷ የሄደችበት የለውም። ይህንኑ በትሕትና ነገረቻቸው። አልተቀበሏትም። ትምህርት ክፍሉ ሌላ አማካሪ መደበላት፤ ምረቃዋ ስድስት ወር ዘገየ፤ ተስፋ ያደረገችው የረዳት መምህርነት ቦታም ለሌላ ተሰጠ። ጥናቱ ግን ታትሟል፤ ምዕራፉም አልወጣም።

ሥራውን በማጣቷ አዝኛለሁ፤ እናት ነኝና። ወላጆችና አያቶች፣ «አርፈህ ተማር፣ አርፈሽ ሥሪ» የምንለው ልጆቻችንን ስለምንወድ ነው። ይህን ከማለታችን በፊት ግን ዝም ሲሉ ዕዳውን የሚከፍለው የማን ልጅ እንደሆነ እንጠይቅ። እኔ ዝም ባልኩ ጊዜ የከፈሉት የእኔ ልጆች አልነበሩም።