ባለቤት አልባ ውሻና ድመት፤ በመርዝ ወይስ በክትባት?

(በሬዲዮ ከተነገረው)



የዛሬው ንግግራችን ማንም «የእኔ ናቸው» ስለማይላቸው፤ ነገር ግን በየጎዳናው፣ በየሥጋ ቤቱ ደጃፍና በየቆሻሻ መጣያው ዘወትር ስለምናያቸው ውሾችና ድመቶች ነው። ርእሱን የሰማ ሰው «ለሰው ያልተረፈ ርኅራኄ ለውሻ ይደረጋልን?» ብሎ ቢጠይቅ አንፈርድበትም። ቋንቋችንም ቢሆን ጠያቂ ላጣ ደም «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እያለ፤ የውሻን ደም የከንቱነት ምሳሌ አድርጎታል። ይሁን እንጂ የውሻው ደኅንነት ከልጆቻችን ደኅንነት ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ከተገለጸ በኋላ አድማጩ ራሱ ይፈርዳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው በዓይን በማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ ነው። ተሕዋሱ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ስለሆነ፤ በንክሻ ወይም ምራቁ በቁስል ላይ ሲያርፍ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያም በነርቭ መሥመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ በሳምንት ይፈጸማል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓመት ይዘገያል። አንጎል ደርሶ የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ በንክሻውና በምልክቱ መካከል ያለው ጊዜ የሕይወት ጊዜ ነው። ክትባት የተነከሰውን ሰው የሚያድነው በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው።

በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተነሥቶ እንደነበረ፤ በ1903 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ እንደተዛመተ ተጽፎ ይገኛል። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 ዓ.ም. ማለት ወሎ በዚህ በሽታ በተጨነቀ በዓመቱ ነበር። የዚህ ሊቅ ስም በዋና ከተማችን እስከ ዛሬ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። በስሙ ተቋቁሞ የነበረውም የምርምር ቤት ከብዙ ለውጥ በኋላ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሏል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ይህን በሽታ ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት ንክሻዎች ከመቶ 99ኙ የውሻ ናቸው፤ በእብድ እንስሳ ከሚነከሱትም ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ውሻውን ማጥፋት ነዋ!» ሊል ይችላል። በብዙ ከተሞችም ለረዥም ዘመን የተሠራበት ይኸው ነው፤ ስትሪክኒን የተባለው መርዝ በሥጋ ተለውሶ በሌሊት በየመንገዱ ይጣላል፤ በማለዳም ሬሳው ይሰበሰባል። መርዙ እንስሳውን የሚገድለው እያንዘፈዘፈ ነው፤ ይህንንም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናት ቆመው ያያሉ። ለጊዜው ጎዳናው ጸጥ ይላል። ነገር ግን በሽታው አይጠፋም፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በአንድ ከተማ የሚኖሩትን ውሾች ብዛት የሚወስነው የሚያገኙት ምግብ ነው። ሥጋ ቤቱ አጥንቱን፣ ሆቴሉ ትራፊውን፣ ነዋሪውም ቆሻሻውን በየሜዳው መጣሉን እስካልተወ ድረስ የሞቱትን ስፍራ ከአካባቢው የሚመጡ ሌሎች ውሾች ይይዙታል። ከመርዙ የተረፉትም ይወልዳሉ፤ የውሻ እርግዝና ሁለት ወር ያህል ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ክትባት ያገኘና ሰፈሩ የሚያውቀው ውሻ በሽታው እንዳያልፍ እንደ አጥር የቆመ ነው። እርሱ ሲሞት በቦታው የሚገባው ማንም የማያውቀውና ያልተከተበ ውሻ ይሆናል። በዚህ ዓይነት በገንዘባችን አጥራችንን እናፈርሳለን ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ መርዙ በታሰበለት እንስሳ ላይ አይቆምም። ድመትም ይበላዋል፤ ሬሳውን የሚበላ ጥንብ አንሳም ይሞታል። ድመት በጠፋችበት ሰፈር ደግሞ አይጥ በጎተራና በመጋዘን እንደሚሠለጥን የማያውቅ ባለቤት የለም።

ታዲያ የሚሻለው ምንድን ነው? ሊቃውንት ደጋግመው ያረጋገጡት መንገድ ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት መቶ ውሾች 70 ያህሉ በየጊዜው ቢከተቡ፤ ተሕዋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበራል። አዳዲስ ቡችሎች ዘወትር ስለሚወለዱ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። የሜክሲኮ መንግሥት ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ ውሾችን በነፃ በማስከተቡ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነፃ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት መስክሮለታል። ከክትባቱ ጋር ውሾችንና ድመቶችን በቀዶ ሕክምና ማምከን ቢጨመርበት ቁጥራቸው ያለ ደም መፋሰስ ይቀንሳል። በአገራችንም በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሠርተው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቤት አልባ እንስሳትን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁመው በዚሁ ሐሳብ ተነሥተዋል። በባሌ ከቤት ውሻ የተላለፈው በሽታ በዓለም ላይ በአገራችን ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ደጋግሞ ፈጅቶታልና፤ የውሻው ጤና የዱር አራዊታችንም ጤና መሆኑን በቅርብ አይተውት ነበር። ይኸው ቀይ ቀበሮ በደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ደጋም ስለሚኖር ነገሩ ለወሎም ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ወሎ ከተሞች እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ሰው ነፍሱን ይዞ በሚሸሽበት ሰዓት ውሻና ድመት ይዞ ለመሄድ አይቻለውም፤ ቤት ሲፈታ እንስሳውም ቤት ያጣል። ነገር ግን በሰላሙም ጊዜ ቢሆን በጎዳና የሚታየው ውሻ ሁሉ ባለቤት አልባ ሆኖ የተወለደ አይደለም። ብዙው ቀን ቀን የሚለቀቅ ባለቤት ያለው ውሻ ነው፤ ሌላውም ሴት ስለሆነች ብቻ በቡችላነቷ ከተጣለች እናት የተወለደ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ እንደምትገኘው እንደ ደጋን ያለች ከተማ ለዚህ ሥራ የምትመች ናት። በትንሽ ከተማ ሰው ይተዋወቃል፤ የማን ውሻ የት እንደሚውልም ይታወቃል። በአቅራቢያዋ በኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። የሚቀረው የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ውሾቹን መቁጠሩ፣ የክትባቱን ቀን ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር መወሰኑና የተከተበውን በአንገት ማሰሪያ መለየቱ ነው። ሐዘንና ደስታን በአንድነት የሚሸከም እድር ለዚህ አቅም ያንሰዋል አይባልም።

ማንኛውም ሰው ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ይህ ነው። ውሻ ወይም ድመት የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰው እንስሳ የሚያዝ ከሆነ አይገደል፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህ ግን የሕክምናውን መጀመር ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ለምትገኙ አድማጮቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። «ይህን ያህል ውሻ ተወገደ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው፤ ቁጥሩም ትልቅ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ሕፃን ልጅን ከሞት የሚያድነው «ከመቶው ይህን ያህሉ ተከተበ» የሚለው ቁጥር ነው። ለመርዝ ገንዘብ ሲጠየቅ የክትባቱን ቁጥር መጠየቅ የኃላፊው ፈንታ ነው።

የወሎ ሕዝብ ክርስቲያኑም እስላሙም ለእንስሳ መራራትን ከአባቶቹ ተምሯል። የተጠማ ውሻ ከጕድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ የለም፤ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚያስብም መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምራል። ዛሬ ሐኪሞች የሚነግሩን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ለጎዳናው ውሻ የምንዘረጋው እጅ የገዛ ልጃችንን ይጠብቃል።