ተጨማሪ መረጃ፦ መሬት ሳይሸጥ መበደር

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ በአማራ ክልል አንድ የጀውሃ አካባቢ ማሽላ አምራች ብድር ሲጠይቅ ባንኮች «የምታስይዘው የለህም» ብለው ሲመልሱት ኖረዋል። ክፍተቱን የሸፈነው ክልሉ ድርሻ ያለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ነበር፤ መጀመሪያ ያበደረው በቡድን ዋስትና፣ ማለትም አባላቱ አንዱ ለሌላው ዕዳ ተጠያቂ በሚሆኑበት ውል ነው። (ከጎረቤት ጋር መቀያየም እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም!) በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ ፈቀደ። ዕዳው ባይከፈል አበዳሪው ማሳውን የሚጠቀምበት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው።

ቤታችሁ ይህን የመጠቀም መብት የሚያሳይ የይዞታ ደብተር ካለ አስፈቅዳችሁ ተመልከቱት። የማን የማን ስም ሰፍሯል?