ከበረዶ ጠራጊው ጋቢና የወጣ ሹክሹክታ

ይህን ከእኔ አልሰማችሁም። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ በጣለ ቁጥር ደስ የሚላቸው አለቆች አሉ፣ ራሳቸውን የሚይዙም አሉ። ልዩነቱ ያለው በፈረሙት ውል ላይ ነው።

መንገዱን የሚጠርጉት የከተማው መኪናዎች ናቸው። የሱቁን፣ የክሊኒኩንና የአፓርታማውን ፓርኪንግ ሎት ግን እኛ የግል ድርጅት ሾፌሮች እንይዘዋለን። ውላችን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በምልልስ የሚከፈል ነው፤ በረዶው ለምሳሌ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሞላ መኪናው ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር ሒሳብ ይጻፋል። ሁለተኛው ለወራቱ ሁሉ አንዴ የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ጣለም አልጣለም ያው ነው። የመጀመሪያውን የፈረመ አለቃ ማታ ማታ የአየር ትንበያ እያየ በረዶ ይለምናል፤ ሁለተኛውን የፈረመ ፀሐይ ይለምናል። ብልጡ ሁለቱንም ቀላቅሎ ይይዛል።

ከ2022 እስከ 2023 በነበረው የበረዶ ወቅት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ 90 ኢንች ያህል ወረደ፤ በመዝገብ ከተያዙት ሦስተኛው ትልቁ ነው። በቁርጥ ዋጋ የገቡትን ነዳጅና ኦቨርታይም ጨረሳቸው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 30 ኢንች እንኳ አልሞላም። ያኔ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው በምልልስ የፈረመው ሆነ፤ እኔም የሰው ዕቃ ሳደርስ ከረምኩ።

ስልኩ የሚጮኸው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ሱቁ ሳይከፈት ሎቱ ጥቁር አስፋልቱ መታየት አለበት። ጨለማ ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ የእግረኛው ጠርዝ የት እንደሚጀምር፣ የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃው የት እንዳለ አይታይም። ስለዚህ መሬቱ በብርድ ሳይጠነክር፣ በኅዳር አካባቢ፣ ዳር ዳሩን ብርቱካናማ ዘንግ እንተክላለን። አንዳንዱ ተከራይ ለልጆች መጫወቻ መስሎት ይነቅለዋል። ከዚያ የፊቱ መግፊያ ብረት ከሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ጥርሳችሁ ይነቃነቃል፤ በጸደይ የተሰባበረውን ጠርዝ አይታችሁ የምትረግሙን ለዚህ ነው።

በረዶው ራሱ ግን ብዙም አያስቸግረንም። የሚያስቸግረን ያልተነሣ መኪና ነው። አንዱ እንቅልፍ ወስዶት መኪናውን ካላነሣ ዙሪያውን ጠርገን እንሄዳለን፤ በበነጋው ሲወጣ በቦታው የደረቀ ጉብታ ይቀራል። ከዚያ ቢሮ ደውሎ «አልጠረጉልኝም» ብሎ የሚጮኸው ያው ሰውዬ ነው።

ከተማውም ላይ ታሪኩ ይኸው ነው። ሚኒያፖሊስ ስኖው ኢመርጀንሲ ስታውጅ ሦስት ቀን የሚቆይ ሥርዓት ይጀምራል። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ምሽት ከ3 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ምልክት ባለባቸው ዋና መንገዶች ላይ በሁለቱም ወገን ማቆም ክልክል ነው። በማግስቱ ከጠዋት 2 እስከ ምሽት 2 በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነበት ወገን፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ በሆነበት ወገን አይቆምም። አዲስ መጤ የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ የመንገዱ መሐል ተጠርጎ ሲያይ «አለቀ» ብሎ ይመለሳል። ተጠረገ የሚባለው እስከ ጠርዙ ድረስ ሲጸዳ ነው። መኪናውን ቶው አድርገው ከወሰዱበት በኋላ ሕጉን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

አሁን ዋናው ሹክሹክታ። ደጃፋችሁን አካፋ ይዛችሁ ጠርጋችሁ ስትጨርሱ የከተማው መኪና መጥቶ መግቢያችሁን መልሶ ይዘጋዋል። ሆን ብለው አይደለም፤ መግፊያው በረዶውን ወደ ቀኝ እየጣለ ነው የሚሄደው፣ የእናንተን በር ሲያገኝ ደግሞ ባዶ ስለሆነ እዚያው ያራግፋል። ፊታችሁን ወደ መንገዱ አዙራችሁ ስትቆሙ መኪናው የሚመጣው ከግራችሁ ነው። እንግዲህ ከመግቢያው በስተግራ፣ መንገዱ ዳር አንድ ባዶ ቦታ ክፈቱለት፤ እናንተ ያነሣችሁትን ግን ሁሉ በስተቀኝ ከምሩ። ሸክሙን እናንተ ጋ ሳይደርስ ይጥላል። ጎረቤቶቻችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ሳይገባቸው ዓመታት ያልፋሉ።

ስለ ጨውም አንድ ነገር አለ፤ አለቃዬ ቢሰማኝ አይወድም። ተራው ጨው የመሬቱ ሙቀት ከ15 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 9 ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። እኛ ግን እንበትናለን። ደንበኛው ነጭ ፍሬ ካላየ ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል፣ አንድ ሰው አንሸራቶት ቢወድቅ ደግሞ ጠበቃ አለ። የግዛቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውኃ ለዘለቄታው ይበክላል። ለ20 ጫማ መግቢያ አንድ የቡና ማግ ጨው ይበቃል ይላል። ሎት ላይ ስንት ማግ እንደምንደፋ አትጠይቁኝ።

ይህ ሁሉ ጭንቀት እያለ ሰዉ በበረዶው ይጫወታል። የግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለጠራጊ መኪናዎቹ ሕዝቡን ስም ያስወጣል፤ በ2021 «ፕላዊ ማክፕላውፌስ»፣ በ2022 በተዋናይቷ ቤቲ ዋይት ስም የተቀለደበት «ቤቲ ዋይትአውት» አሸነፉ። ሴንት ፖል ከ1886 ጀምሮ የምታከብረው የበረዶ ካርኒቫል አላት። ከ1952 ጀምሮ አንድ ጋዜጣ የሀብት ፍለጋ ያዘጋጃል፤ ፓርክ ውስጥ ሜዳሊያ ይደብቅና ፍንጭ እያወጣ ሰዉ እንዲፈልገው ያደርጋል፤ ሽልማቱ እስከ 10 ሺህ ዶላር ይደርሳል። የራሱን ደጃፍ ለመጥረግ ወገቡን የሚያመው ሰው ያን ጊዜ አካፋና ባትሪ ይዞ እኩለ ሌሊት ፓርክ ሲቆፍር አይቻለሁ።

በሐይቅ በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ግን ሌላ ዓለም ነው። በረጋው ሐይቅ ላይ ጎጆ ይጎተታል፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ይከፈታል፣ በጋዝ ማሞቂያ ዙሪያ ካርታ እየተጫወቱ ዎልአይ ዓሣ ይጠበቃል። ዓሣው ባይመጣም ማንም አይከፋውም፤ ከሚስትና ከስልክ የሚሸሸግበት ነው የሚሉም አሉ። የደኅንነቱ መመሪያ በኢንች ነው፦ ለእግረኛ 4፣ ለትንሽ መኪና 9 ወይም 10 ኢንች ንጹሕ በረዶ። ነጣ ያለው በረዶ ደካማ ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል። ከላይ የተኛው በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሐይቁን ስለሚያሞቀው ውኃው ቶሎ አይጠነክርም፤ ይህን ብዙዎች አያውቁም። በዲሴምበር 2023 መጨረሻ አፐር ሬድ ሐይቅ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ ሲንሳፈፍ ከ100 በላይ ዓሣ አጥማጆች በጀልባና በመሳሰሉት ወጥተዋል።

የእኛ የሐበሾቹ ጨዋታ ደግሞ ሌላ ነው። የገና በዓል ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድስ ያደረ ሲወጣ መኪናው ባትሪው ሞቶ ያገኘዋል። «ወንድሜ፣ ጃምፐር ኬብል አለህ?» የሚለው ድምፅ ከፓርኪንጉ ዳር እስከ ዳር ይሰማል። ነጠላ ከወፍራም ጃኬት በላይ የደረቡትን እናቶች «እማማ፣ ያንሸራትታል፣ ክንዴን ይያዙ» የሚሉ ልጆች በሩ ላይ ተሰልፈዋል። እኔ ቀድሜ ሎቱን ጠርጌ ስለምጨርስ ጠላ ቀርቦልኝ ያውቃል፤ ሹፌር ነኝ ብዬ ለወንድሜ አሳልፌያለሁ።

እንግዲህ ሚስጥሩን ካወጣሁ ላይቀር አንድ ነገር ልለምን። የሚያብለጨልጭ መብራት ያለው ጠራጊ ከፊታችሁ ሲሄድ ቢያንስ 10 መኪና ያህል ራቁ። ወደ ኋላ አይታየንም፣ በበረዶው ጭጋግ ውስጥ ደግሞ እናንተም እኛን አታዩም። ቀስ ያልነው መንገዱን ለእናንተ እየከፈትን ስለሆነ አትቅደሙን።