ሲሊኮን ከገባ በኋላ በጡቶች መሐል የሚታየው ክፍተት፦ የትኛው ያሳስባል? ሸሪዓውስ ምን ይላል?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ነው። ዱባይ፣ ኢስታንቡል ወይም አዲስ አበባ ሄዳ ጡቷ ውስጥ ሲሊኮን ያስገባች እህት ወደ ደብረ ማርቆስ ትመለሳለች እንበል። ፋሻው ተፈትቶ ራሷን በመስታወት ስታይ በሁለቱ ጡቶቿ መሐል ያለው ክፍተት ከጠበቀችው በላይ ሰፍቶባታል፤ ወይም በተቃራኒው ሁለቱ ተጠጋግተው ሊገጥሙ ደርሰዋል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራላት ሐኪም ሩቅ ነው። ለእናቷ አልነገረችም፤ ኡስታዝ መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በካንሰር ምክንያት ጡቷ ተወግዶ በምትኩ የተሠራላት እህትም ተመሳሳይ ጭንቀት ይገጥማታል። የሁለቱ ጉዳይ በሸሪዓ ሚዛን የተለያየ ቢሆንም ዝምታቸው ግን አንድ ነው። ይህ ዝምታ በራሱ ጊዜ ለሚስተካከል ነገር እንቅልፍ ያሳጣል፤ የከፋው ግን አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገውን ነገር መደበቁ ነው።

አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ ሴት ተማሪዎች የሐይድን ሕግ እንኳ በወረቀት ቁራጭ ጽፈው ነበር የሚጠይቁን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሰችው ግን ሐፍረት ዲናቸውን ከማወቅ ስላላገዳቸው ነው። ስለዚህ ሳናድበሰብስ እንነጋገር።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

ሁለት ጡቶች በተፈጥሯቸው አይገጥሙም። በመሐላቸው ፍርምባ የምንለው የደረት አጥንት አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተያይዟል። በብዙ ሴቶች ላይ ክፍተቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ደረቷ ሰፊ በሆነ፣ ወይም ጡቶቿ ከመነሻው ወደ ብብት ባደሉ ሴት ላይ ከዚህም ይሰፋል። ሲሊኮኑ የሚቀመጠው ሐኪሙ ከጡቱ ሥር በሚያዘጋጅለት ኪስ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ከደረት ጡንቻ በላይ ወይም በታች ሊሆን ይችላል። ሲሊኮን ጡትን ያተልቃል እንጂ ጡቱ ደረት ላይ የበቀለበትን ቦታ አይቀይርም። ቀድሞ የተራራቁ የነበሩ ጡቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ተራርቀው ቢታዩ ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ስልካችን ላይ የሚዞሩት ፎቶዎች አብዛኞቹ ጡት ማስያዣ ገፍቶ ያቀራረባቸውን ጡቶች ነው የሚያሳዩት፤ ማስያዣው ሲወልቅ ቅርጹም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ሐኪሙ ለምን ትንሽ ገፋ አድርጎ አያቀራርባቸውም? የሚሞክር አለ፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጡቶቹን ለማቀራረብ ከፍርምባው ጋር የተያያዘውን ጡንቻ ከልክ በላይ መቁረጥ፣ ወይም ከጡቱ መነሻ ስፋት የሚበልጥ ሲሊኮን ማስገባት ይጠይቃል። ያኔ በመሐል ያለው ቆዳ ከአጥንቱ ይላቀቅና ሁለቱ ኪሶች ይገናኛሉ፤ ሁለት የነበረው ጡት አንድ እብጠት ይመስላል። ሐኪሞች ይህን ሲማስቲያ ይሉታል። ለማስተካከል ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ አንዴ የተላቀቀን ሥጋ መልሶ ከአጥንት ጋር ማያያዝ ስለሆነም ከመጀመሪያው የሚከብድ ነው። ሰፋ ያለ ክፍተት በአመዛኙ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ከልክ በላይ የጠበበ ግን ጉዳት ነው። ልምድ ያለው ሐኪም የደረቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክቶ፣ ደንበኛዋ ቅር ቢላትም፣ ከልኩ አላልፍም የሚለው ለዚህ ነው።

ጊዜም የራሱ ሥራ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠት አለ፤ ጡንቻው ተወጥሮ ሲሊኮኑን ወደ ላይ ይይዘዋል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እብጠቱ ይጎድላል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ሲሊኮኑም ወርዶ ቦታውን ይይዛል። አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። በጀርባ ሲተኙ ሁለቱም ወደ ጎን ማለታቸው የተለመደ ነው። ሲሊኮኑ ከጡንቻ ሥር ከሆነ መዳፍን ከመዳፍ አጥብቀው ሲገፉ ጡቶቹ ወደ ውጭ ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። በ3ኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆሞ በክፍተቱ ላይ ፍርድ መስጠት ገና ያልበሰለ እንጀራ ከምጣድ እንደማውጣት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ ሥራ ማንሳት ግድ ይላል። ጀሪካን ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ሕፃን ማዘል፣ ሁሉም የደረት ጡንቻን የሚያሠሩ ናቸው። ገና ያልጠገገ ኪስ ውስጥ ያለ ሲሊኮን በዚህ ምክንያት ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሊሸሽ ይችላል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አታንሺ የሚሉት ለዚህ ነው። ምክንያቱን መናገር የማትፈልግ ሴት ደግሞ ሥራውን እምቢ ማለት ይከብዳታል። ቢያንስ አንድ የምታምናት ሰው በቤት ውስጥ ማወቅ አለባት። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት ሻንጣ ተሸክሞ በአውቶቡስ ከማቋረጥ በፊትም ሐኪሙ ሂጂ ማለት አለበት።

የማያስጠብቁ ምልክቶች

ከክፍተቱ ይልቅ ልብ ሊባሉ የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንደኛው ጡት ብቻ በድንገት ቢያብጥና ቢወጠር ውስጡ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ መቅላት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም ከስፌቱ የሚወጣ መግል የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። እነዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያለባቸው ናቸው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሰውነት በሲሊኮኑ ዙሪያ የሠራው የጠባሳ ሽፋን ሊጠብቅና ሊጠነክር ይችላል፤ ያኔ ጡቱ ይደድራል፣ ያማል፣ ከቦታውም ይሸሻል። ደህና የነበረ ክፍተት ከዓመታት በኋላ ከተለወጠ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ዓመታት ቆይቶ የሚመጣ እብጠትም አይናቅም። ላያቸው ሻካራ ከሆኑ ሲሊኮኖች ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም የሊምፎማ ካንሰር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አለርጋን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ሻካራ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከዚያ በፊት በ2010 ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ፣ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን ሲጠቀም ተደርሶበታል፤ በብዙ ሀገራት የሚገኙ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ምርቱን ተክለው ነበር። ባለቤቱም በ2013 የ4 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። ይህን የምናነሳው ለማስፈራራት አይደለም። እነዚያ ሴቶች አደጋ ላይ መሆናቸውን ማወቅ የሚችሉት የገባላቸውን ሲሊኮን ስም ካወቁ ብቻ ነው። የሠራው ሆስፒታል የኩባንያውን ስም፣ የምርቱን ቁጥርና መጠን የያዘ ካርድ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ይጠየቅ። ሲሊኮን ዕድሜ ልክ አያገለግልም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ምንም ስሜት ባይኖር እንኳ ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ይመክራል። ወጪው ሲሰላ ይህም አብሮ ይሰላ።

ሸሪዓው

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ንቅሳት የሚነቅሱና የሚነቀሱ፣ ለውበት ብለውም ጥርሳቸውን የሚያፈነጭቱ ሴቶችን መርገማቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተላልፏል። ፍንጭት እንደ ውበት በሚቆጠርበት፣ ድድ መነቀስም የቆየ ልማድ በሆነበት ሀገር ይህ ሐዲስ ሩቅ አይደለም። ዑለማኦች በተለይ የተመለከቱት «ለውበት» የሚለውን ገደብ ነው። በሌላ በኩል ዐርፈጃ የተባሉት ሶሐባ በጃሂሊያ ዘመን ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ነበር። ከብር ያሠሩት ሸተተባቸው፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ ማለት ነው። የጠፋን አካል መተካት አዲስ ውበት ከመሻት ተለይቶ የታየው እንዲህ ነው።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ፣ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው 18ኛ ጉባኤ ያወጣው 173ኛ ውሳኔ ይህንኑ መሠረት የያዘ ነው። ጡት ከተወገደ በኋላ ሙሉ በሙሉ መልሶ መሥራትን፣ መጠኑ ከልክ በላይ በመተለቁ ወይም በማነሱ ሕመም ሲያስከትልም በከፊል ማስተካከልን በስም ጠቅሶ ፈቅዷል። ጤነኛ ተፈጥሮን በስሜትና ሌሎችን በመምሰል ፍላጎት መለወጥን ግን አልፈቀደም። ለሚፈቀደውም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ ባለሙያው ብቁ ይሁን፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ አይብለጥ፣ ታካሚዋ የሚመጣውን አውቃ ትፍቀድ።

በዚህ መሠረት በካንሰር ምክንያት ጡቷ የተወገደባት እህት የተሠራላት ጡት ከሌላኛው ጋር ካልተመጣጠነ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ ማስተካከሉ የዚያው ሕክምና ቀጣይ ነው፤ ቅንጦት አይደለም። የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው ስለሆነ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የጨረር ሕክምና የወሰደች ሴት ላይ ሲሊኮን የመደደርና ከቦታው የመሸሽ ዕድሉ ስለሚጨምር ከራሷ ሆድ ወይም ጀርባ በሚወሰድ ሥጋ መሥራት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከሐኪሟ ጋር ትምከር። ቀዶ ሕክምና የማትፈልግ ደግሞ ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚደረግ ሰው ሠራሽ ጡት ወይም በልክ የተሰፋ ጥጥ መጠቀም ትችላለች። ርካሽ ነው፤ ሸሪዓዊ ጥያቄም የለበትም።

ጤነኛ ሆና ለውበት ብቻ ያሠራችውስ? ለተደረገው ተውበት አለ፤ በሩም ክፍት ነው። ሲሊኮኑን የግድ ታውጣው ወይ ለሚለው፣ ኢማም ነወዊ ስለ ንቅሳት የጻፉት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ ማስወገዱ አካልን የሚጎዳ ከሆነ ግዴታነቱ ይነሳል፣ ተውበት ይበቃል ብለዋል። ክፍተቱን 1 ሴንቲ ሜትር ለማጥበብ ብቻ እንደገና መቀደድ ግን በእኛ እይታ ወደ መጀመሪያው ሕግ ይመለሳል። የገጠሙ ኪሶችን መለየት፣ የደደረውን ማውጣት፣ ኢንፌክሽንን ማከም በሙሉ ሕክምና ናቸው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ያልተፈቀደ መሆኑ የኋለኛውን ሕክምና ሐራም አያደርገውም። ይህን ባለማወቅ በመግል የምትሰቃይ እህት ካለች ዛሬውኑ ሐኪም ጋር ትሂድ። ወላሁ አዕለም።

ስለ ዒባዳ ለሚነሱ ጥያቄዎች መልሱ አጭር ነው። ሲሊኮኑ ከቆዳ በታች ስለሆነ ለጉስል ውሃ አይከለክልም። ደረት ከውዱእ አካላት ውስጥ ስለሌለ ፋሻው ውዱእን አያውክም። ጉስል ግዴታ ሆኖ ውሃው ቁስሉን የሚጎዳ ከሆነ ሌላውን አካል ታጥቦ በፋሻው ላይ ማበስ ይቻላል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመርበታል። ሱጁድ ደረትን የሚወጥር ከሆነና ሐኪም ከከለከለ ተቀምጦ በምልክት መስገድ በሽተኛ ለሆነ ሰው የተፈቀደ ነው። ለተክቢር እጅን ማንሳት ሱና ስለሆነ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቢቀር ሶላቱ አይበላሽም።

ደብረ ማርቆስ ያለች እህት የመጀመሪያ መሄጃዋ የደብረ ማርቆስ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። እብጠትን፣ ኢንፌክሽንን ወይም የተጠራቀመ ፈሳሽን ለማየት ጠቅላላ ቀዶ ሐኪምና አልትራሳውንድ ይበቃሉ፤ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ሲሊኮኑን ማስተካከል ወይም ማውጣት ካስፈለገ ሪፈር የሚጻፈው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ በዚህ ሙያ ከሚታወቁት የመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል አለርትና የካቲት 12 ይገኛሉ። ሴት ሐኪም ካለች እሷን መጠየቅ ይቀደማል፤ ከሌለች ታማኝ ወንድ ሐኪም፣ አብሮ የሚገባ ሰው ባለበት፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማየት ይችላል። ስትሄድ ካርዱን፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀንና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳችው ፎቶ ካለ እሱን ትያዝ። ለማሞግራፊ የምትላክ ከሆነም ማሽኑ ጡቱን ከመጫኑ በፊት ሲሊኮን እንዳለ ለባለሙያዋ ትንገራት፤ አነሳሱ የተለየ ነውና።