የአዲስ ፊልም ድፍረት የማን ነው?

ከሲኒማ ቤት ወጥተን ስንከራከር ወይ የተዋናዩን ችሎታ ወይ የዲሬክተሩን ጥበብ እናነሣለን። ገንዘቡን አፈላልጎ፣ ከሳንሱር ጋር ተሟግቶ፣ ኪሣራውን የሚሸከመውን ፕሮዲውሰር ግን እንደ ተራ ነጋዴ ቆጥረን እናልፈዋለን። ሥራው ንግድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ገበያው ያልጠየቀውን እያሠራ የሚያቀርብ ሰው ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? ለዚህ ጥያቄ አናቶል ዶማን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ዶማን በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዋርሶ ተወለደ፤ በ1949 ከአንድ ባልደረባው ጋር አርጎስ ፊልምስ የተባለውን ድርጅት በፈረንሳይ አቋቋመ። አላን ሬኔ ስለ ናዚዎች የእስረኞች ሰፈር የሠራውን «ሌሊትና ጭጋግ» ያወጣው ይህ ድርጅት ነው። በፊልሙ ውስጥ ሰፈር ሲጠብቅ የሚታየው ወታደር ፈረንሳዊ መሆኑ እንዳይታወቅ የአገሩ ሳንሱር ቆቡን አስሸፈነ። በ1956ም ምዕራብ ጀርመን ስለ ተቃወመች ፊልሙ ከካን ፌስቲቫል ውድድር ወጣ።

ዶማን ግን በዚህ አልደነገጠም። ስለ አቶሚክ ቦምብ ዘጋቢ ፊልም እንዲሠራለት እንደገና ሬኔን ጠየቀው። ሬኔ ነገሩ በዘገባ እንደማይሆንለት ተረዳ፤ ማርግሪት ዱራስም ድርሰቱን ጻፈች። የታዘዘው ዘገባ የአንዲት ፈረንሳዊትና የአንድ ጃፓናዊ የፍቅር ታሪክ ሆኖ በ1959 ወጣ፤ ይኸውም «ሂሮሺማ ፍቅሬ» ነው። ጤፍ አዝዞ ስንዴ የመጣለት ነጋዴ ዕቃውን ይመልሳል፤ ዶማን ግን ተቀበለ።

በ1962 የወጣው የክሪስ ማርከር «ላ ዤቴ» 28 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተሠራ ነው፤ የተኛች ሴት ዐይኗን ስትገልጥ ብቻ ሥዕሉ ለቅጽበት ይንቀሳቀሳል። በ1966 የወጣው የሮቤር ብሬሶን ፊልም ዋና ባለታሪክ ደግሞ ባልታዛር የሚባል አህያ ነው። በ1976 ኦሺማ የሥጋን ፍቅር ያለ መሸፋፈን ባቀረበበት «የስሜት ግዛት» ጊዜ፣ የጃፓን ሕግ ስለማይፈቅድ የተቀረጸው ፊልም ሳይታጠብ ወደ ፈረንሳይ ተልኮ እዚያ ታጠበ።

እንግዲህ እንግዳ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችን አይደለም። ለማስገረም ብቻ የተሠራ ፊልም እንደ ጭስ በኖ ይጠፋል። ከላይ ባየናቸው ግን እንግዳነቱ ከነገሩ የመጣ ነው። የማርከር ሰው የሚያስታውሰው አንድ የቆመ ሥዕል ስለሆነ ፊልሙም የቆመ ሥዕል ሆነ። አህያውም ስለማይናገር የሰዎችን ጭካኔ አያስተባብልም፤ ዝም ብሎ ይሸከማል እንጂ።

ድፍረቱ ሁልጊዜ ኪሣራ አላመጣም። አርጎስ ከሌሎች ጋር ያወጣው የቬንደርስ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» በ1984 የካንን የወርቅ ዘንባባ አግኝቷል። ሆኖም ዶማን ፈቃደኛ የሆነው ሽልማቱ ከመታወቁ በፊት ነበር፤ የፕሮዲውሰር ድፍረት የሚለካውም በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚህ ውስጥ የእኛም ድርሻ አለ። የለመድነው ስላልሆነ ብቻ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ወንበራችንን ለቀን ከወጣን፣ ሳንሱር ሳያስፈልግ እኛው ራሳችን ፊልሙን ከለከልነው ማለት ነው።