ከማዘዛችን በፊት “የት ነን?” እንበል

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች በለቀማ የተጠመዱበት ሰሞን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ከጅማ ደወለልኝ። ልጁ መንደራ ቆጪ ውስጥ አነስተኛ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የሚደውልልኝ ብዙውን ጊዜ ለበዓል ነው፤ ያውም እናቱ አስገድዳው። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ድምፁን ስሰማ መደንገጤ አልቀረም።

“ጋሼ፣ የሰው ፍላሽ ተበላሸብኝ። ፎርማት ከማድረጌ በፊት እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው” አለኝ።

ፍላሹ የአንድ የጎማ ወረዳ ቡና አምራች ነው። ሰውየው በወረዳ ፍርድ ቤት በውርስ መሬት ክርክር ተረትተው፣ ይግባኝ ሊሉ ጅማ መጥተዋል። የፍርዱ ግልባጭ፣ የማስረጃው ቅጂና የይግባኙ ረቂቅ ሁሉ ያለው በዚያች ጣት በምታክል ፍላሽ ውስጥ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 323 ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው ይላል። ለሰውየው የቀራቸው ሦስት ቀን ነበር። ወረቀቱን ከወረዳው እንደ አዲስ አስገልብጦ፣ ረቂቁንም እንደ አዲስ አስጽፎ በሦስት ቀን መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የፍርድ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ፍላሹ ምን ሆነ? ሲከፈት የሚታየው ሾርትከት ብቻ ነው። ኢንተርኔት ቤትና ጽሕፈት ቤት የሚያዘወትር ሰው ይህ በሽታ አይጠፋውም። ቫይረሱ ፎልደሮቹን አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸውና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። በጽሑፍ ትእዛዝ የምንሰጥበትን፣ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ “አትሪብ” በተባለው ትእዛዝ የመደበቂያውን ምልክት ማንሳት ነው። ልጁም ይህንኑ አድርጓል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ “አክሰስ ዲናይድ”፣ ማለትም “አይፈቀድልህም” የሚል መስመር ደርድሮ ደርድሮ ሲያበቃ ፍላሹ እንደነበረ ሆኖ ቀረ። ልጁም “ፍላሹ ተቆልፏል፣ አልቆለታል” ብሎ ደመደመ።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ይሁንና በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ በጀመርኩበት መሥሪያ ቤት የነበረው ኮምፒዩተር ማውስ የማያውቅ፣ ሁሉን ነገር በጽሑፍ እያዘዙ የሚያሠሩት ስለነበር ጥቁሩ መስኮት ለኔ የድሮ ወዳጅ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

“ከምትጽፍበት ቦታ በስተግራ ያለውን መስመር አንብብልኝ።”

“ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32” አለኝ።

“ፍላሹስ በምን ፊደል ነው የገባው?”

“በጂ።”

ነገሩ ተገለጠ። ልጁ የታመመውን ጂ ትቶ ጤነኛውን ሲ ሲያክም ነበር የዋለው። “አይፈቀድልህም” እያለ የመለሰውም ፍላሹ ሳይሆን ዊንዶውስ ነው፤ የራሱን ፋይሎች አትንካ ሲል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ የሰውየው ጉዳይ ያኔ በእርግጥ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በስተግራ ያለችው ያቺ መስመር ጌጥ አይደለችም። አድራሻ ናት። ቦታውን ለይተን ካልጻፍን በቀር የምንሰጠው ትእዛዝ የሚፈጸመው እዚያች መስመር ላይ በተጻፈው ፎልደር ውስጥ ነው። እኛ ሕግ የተማርን ሰዎች ይህን በሌላ ስም እናውቀዋለን፤ የዳኝነት ሥልጣን ይባላል። ያው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 25 የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። አጋሮ ስላለ መሬት ሌላ አገር ሄደህ የቱንም ያህል ያማረ ክስ ብትጽፍ ክሱ አይሰማም። ጥፋቱ የቦታው እንጂ የጽሑፉ አይደለም። ጥቁሩም መስኮት እንዲሁ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለው። ፍርድ ቤት ሥልጣን ከሌለው “የለኝም” ብሎ ይመልሳል፤ ጥቁሩ መስኮት ግን የታዘዘውን፣ በቆመበት ቦታ፣ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። በተለይ “ደል” በምትባለው የማጥፊያ ትእዛዝ የጠፋ ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ እንኳ አይገባም።

ታዲያ ልጁ እንዴት እዚያ ሊገኝ ቻለ? ሁለት ስህተት ተደራርቦበት ነው።

የመጀመሪያው፣ መስኮቱን ሲከፍት “ረን አዝ አድሚኒስትሬተር” የሚለውን መረጠ። ማለትም በኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ሥልጣን ከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ኮማንድ ፕሮምፕት በዚህ መንገድ ሲከፈት የሚጀምረው ሲስተም 32 በተባለው፣ የዊንዶውስ የውስጥ ዕቃ በተከማቸበት ፎልደር ነው። ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን ከስታርት ሲከፈት ደግሞ እንደ ደንቡ የሚጀምረው በራሱ በተጠቃሚው ፎልደር ነው። ለፍላሹ ሥራ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አያስፈልግም ነበር። “ለምን እንደዚያ ከፈትከው?” ብለው “ሥልጣን ቢበዛ ምን ይጎዳል ብዬ ነው” አለኝ። ለዚህ የምመልሰው ብዙ ነበረኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረንም።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ አሳሳች ነው። ልጁ መጀመሪያ ሲ ውስጥ መሆኑን አይቶ፣ ፎልደር መቀየሪያ የሆነችውን “ሲዲ” ጽፎ፣ ከክፍት ቦታ በኋላ ጂ እና ሁለት ነጥብ አስከትሎ ኢንተርን ተጫነ። መስኮቱም ጂ ብሎ መለሰለት። ልጁ ደረስኩ አለ። ግን አልደረሰም። “ሲዲ” ከፎልደር ወደ ፎልደር ያሻግራል እንጂ ብቻውን ከድራይቭ ወደ ድራይቭ አያሻግርም። የመለሰለት ጂ “በጂ ላይ ያለህ ቦታ ይህ ነው” የሚል መረጃ ብቻ ነበር። ቀጣዩን መስመር ቢያነብ ኖሮ አሁንም ሲስተም 32 ይለው ነበር።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ? ከጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ኤምኤስ ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለተኛው ዶስ ሲመጣ ፎልደር አብሮ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ድራይቭም የቆምንበትን ቦታ ለየብቻው ያስታውስ ጀመር። ዲስኬት እያወጡና እያስገቡ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ምቹ ነበር። ዲስኬቱ ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ ልማዱ ግን ዛሬም መስኮቱ ውስጥ አለ።

መፍትሔው እንግዲህ አጭር ነበር። “ጂ ጻፍ፣ ሁለት ነጥብ አስከትል፣ ኢንተርን ተጫን፤ ሌላ ምንም አትጨምር” አልኩት። “አሁን መስመሩን አንብብ።” “ጂ” አለ። ከዚያ በኋላ ያቺኑ “አትሪብ” ደገማት። አንድም “አይፈቀድልህም” ሳይመጣ ፎልደሮቹ ብቅ አሉ። ከስልኩ ወዲያ ማዶ የሰውየውን “አልሐምዱሊላህ” ሰማሁ።

የእህቴ ልጅ ይህ ደረሰበት እንጂ መስኮቱ ባልፈለጉት ቦታ የሚከፈትባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

አንደኛ፣ መስኮቱን የምንከፍተው ዴስክቶፕ ላይ ባለ ሾርትከት ከሆነ ሾርትከቱን እንመርምር። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነን “ፕሮፐርቲስ” ስንገባ “ስታርት ኢን” የሚል ሳጥን አለ። የሚጀምርበት ቦታ እዚያ ይጻፋል። አንድ ሰው ቀይሮት ወይም የተጻፈው ፎልደር ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህም ሆኖ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስንከፍተው ይህ ሳጥን ላይከበር እንደሚችል አንርሳ።

ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁሩ መስኮት ብዙውን ጊዜ ተርሚናል በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው የሚከፈተው። በተርሚናሉ ሴቲንግስ ውስጥ ለእያንዳንዱ የመስኮት ዓይነት “ስታርቲንግ ዳይሬክተሪ” የሚል ቦታ አለ። እዚያም ውስጥ ፓወርሼል የሚባል ዘመድ አለው፤ መስመሩ ፒ እና ኤስ በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። የፓወርሼሉ “ሲዲ” ከድራይቭ ወደ ድራይቭም ያሻግራል። አንዱ ላይ የለመደ እጅ ሌላው ላይ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ከሆነ የኔትወርክ ኃላፊው ለሠራተኛው የግል ማስቀመጫ በኔትወርክ ድራይቭ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መስኮቱ በሲ ፈንታ እዚያ ቢከፈት ብልሽት አይደለም። በሁለት ሰረዝ የሚጀምር የኔትወርክ አድራሻ ላይ ሆነን ለመክፈት ከሞከርን ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕት እንዲህ ያለውን አድራሻ መቆሚያ ማድረግ ስለማይችል ወደ ዊንዶውስ ፎልደር ይመለሳል። ለዚህ “ፑሽዲ” የምትባል ትእዛዝ አለች፤ ለኔትወርኩ ፎልደር ጊዜያዊ የድራይቭ ፊደል ሰጥታ ታስገባናለች።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ተፈትሾ መስኮቱ አሁንም የማናውቀው ቦታ ከተከፈተ “አውቶረን” እንጠርጥር። በዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ “ኮማንድ ፕሮሰሰር” በሚባለው ክፍል የሚቀመጥ፣ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር አስቀድሞ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው። አንድ ፕሮግራም ወይም ቫይረስ ሊያስገባው ይችላል። መሞከሪያው ቀላል ነው። “ሲኤምዲ” ብለን፣ ክፍት ቦታ ሰጥተን፣ ወደ ፊት ያዘነበለውን ሰረዝና ዲ ጨምረን ከስታርት ሜኑ ወይም ከ“ረን” ሳጥን እንክፈተው። ይህ አከፋፈት አውቶረንን ያልፈዋል። እንዲህ ሲከፈት ቦታው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ሬጂስትሪውን ከመነካካት በፊት ግን ቅጂውን ማስቀመጥ ግድ ነው፤ የማያውቁት ሰው ባይነኩት ይመረጣል።

አንዳንዴ ደግሞ ቦታው ትክክል ሆኖ ስህተት ይመስላል። በአማርኛ የሰየምነው ፎልደር በድሮው መስኮት ላይ የሳጥን ሰልፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፊደላችን በመስኮቱ ፎንት ውስጥ ስለሌለ ነው እንጂ ፎልደሩ ያው ፎልደር ነው።

ከሁሉ የሚቀለውን መንገድ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የምንፈልገውን ፎልደር እንደ ወትሮው በማውስ እንክፈት። ከላይ አድራሻው የተጻፈበትን ሳጥን ተጭነን፣ ያለውን አጥፍተን “ሲኤምዲ” የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት እንጻፍና ኢንተርን እንጫን። ጥቁሩ መስኮት እዚያው በቆምንበት ፎልደር ይከፈታል። መስኮቱ አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ “ሲዲ” ብለን፣ ክፍት ቦታ፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰረዝና ዲ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያም ሙሉውን አድራሻ ስንጽፍ ድራይቩንም ፎልደሩንም በአንድ ጊዜ ያሻግረናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። “አትሪብ” የተደበቀውን ታሳያለች እንጂ ቫይረሱን አትገድልም። ልጁ ፍላሹንም የራሱን ኮምፒዩተር በጸረ ቫይረስ እስኪመረምር ድረስ የሰውየውን ወረቀት አላተመም። ሰውየውም ቅጂ የተጫነባት ሁለተኛ ፍላሽ ይዘው ሄዱ።

ይግባኙ ቀኑ ሳያልፍ ገባ። የሚወሰነው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ሰውየው ሲሰናበቱ “ለመሆኑ ምን ሆኖ ነበር?” ብለው ልጁን ጠይቀውት ኖሯል።

“የሰው ቤት ገብቼ የእርስዎን ዕቃ ስፈልግ ነበር” አላቸው አሉ።

እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ኢንተርን ከመጫናችን በፊት ያቺን የግራ መስመር እናንብብ። ሁለት ሰከንድ አትፈጅም።

ቸር እንሰንብት።